መቼ ነው የሚጮኸው?

ሕመምተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ምንህን ያምሃል?» ተብሎ ነው። ቀጥሎም «መቼ መቼ ይብስብሃል? ስትተኛ ነው ወይስ ስትነሣ? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ይባላል። ደኅና ሐኪም መሣሪያውን የሚያነሣው፣ መድኃኒቱንም የሚያዘው ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ ነው። ዕቃችን ሲታመም ግን ይህን ወግ እንረሳዋለን። መኪናው አጓራ፣ የውኃ መሳቢያው ጮኸ፣ ማራገቢያው ተንቋቋ በተባለ ጊዜ «ተበላሽቷል» የሚለው ፍርድ ከጥያቄው ይቀድማል። ፍርድ ከጥያቄ ሲቀድም ደግሞ የሚጠቀም ቢኖር ዕቃ ሻጩ ብቻ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በካርቱም ከተማ፣ በአል-ማንሺያ ሰፈር በኖርኩባቸው ዓመታት የማውቀው አንድ የአገሬ ልጅ፣ እንጀራውም የተንጠለጠለባት አንዲት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ናቸው።

አል-ማንሺያን የሚያውቅ አንባቢ እንደሚያስታውሰው፣ ሰፈሩ በካርቱም ምሥራቃዊ ጫፍ ዓባይን ተደግፎ የተቀመጠ ነው። ከጣና የተነሣው ውኃችን ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በዚያ ያልፋል። በላዩ የተዘረጋው የአል-ማንሺያ ድልድይ ሰፈሩን ከወዲያ ማዶ ካለው ከምሥራቅ ጅሬፍ ጋር ያገናኘዋል። እኛ ኢትዮጵያውያን በብዛት የምንታወቀው በአል-ደይም ቢሆንም፣ በጅሬፍም በአል-ማንሺያም ቤት ተከራይተን፣ በሰው ቤት ሠርተን፣ ቡናና ሻይ አፍልተን የኖርን ጥቂቶች አልነበርንም።

ልጁ የጎንደር ሰው ነው። አንዲት እኅታችን በቤቷ የምትጋግረውን እንጀራ፣ የምታዘጋጀውን በርበሬና ሽሮ ለደንበኞቿ በየቤታቸው ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2021 በሱዳን የነዳጅ ድጎማ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ የቤንዚን ዋጋ ናረ፤ በረክሻ ማመላለስም ትርፉን ሁሉ ይበላ ጀመር። ስለዚህ ልጁ ካጠራቀመው አውጥቶ፣ የጎደለውን ተበድሮ፣ ያገለገለች ባለ ባትሪ ብስክሌት ገዛ። መብራት በየቀኑ ለሰዓታት ይጠፋ ስለነበር፣ በመጣ ሰዓት ባትሪዋን ለመሙላት ሌሊትም ቢሆን ይነሣል። ያም ሆኖ ከነዳጅ ወረፋ ገላገለችው።

በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ብስክሌቷ መጮኽ ጀመረች። ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። እዚያ ያለው ሠራተኛ ጎማዋን በእጁ አንድ ጊዜ አሽከርክሮ «ሞተሩ አልቆለታል፤ ይቀየር» አለው። የተጠራው ዋጋ ልጁ በሦስት ወር የሚያገኘውን ያህል ነበር። ያ ገንዘብ ደግሞ ለእናቱ ሊልከው ያሰበው፣ ብድሩንም ሊከፍልበት የያዘው ነው።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ሞቷል አሉኝ» አለኝ ማታ በሬ ላይ ቆሞ።

«ለምን ብለህ አልጠየቅህም?»

«በምን አፌ ልጠይቅ?»

መልሱ ልቤን ነካው። ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት ለመግዛት፣ መንገድ ለመጠየቅ፣ ሰላምታ ለመስጠት የሚበቃ ዓረብኛ አለው። «ጎማው በነፃ ሲዞር ዝም ካለ፣ ጭነት ሲኖርበት ብቻ የሚጮኸው ለምንድን ነው?» ብሎ ለመሟገት የሚበቃ ግን የለውም። ነገሩ የቋንቋ ብቻም አልነበረም፤ በአማርኛም ቢሆን ጥያቄው አልነበረውም። ስደተኛ በብዙ ነገር ይበዘበዛል። ምን እንደሚጠየቅ ባለማወቅ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ከፋዩ መበዝበዙን እንኳ አያውቅም። ያ ሠራተኛ አታላይ ነበር አልልም፤ ምናልባት እርሱም የሚጠይቀውን አላወቀም ይሆናል።

እኔ በወጣትነቴ ሬድዮና ማራገቢያ ስጠግን ያደግሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ልጁን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፦ «መቼ ነው የምትጮኸው?»

«ሁልጊዜ» አለኝ።

«ሁልጊዜ» የሚባል መልስ ከሕመምተኛ አይጠበቅም። ስለዚህ ለዓርብ ጠዋት ቀጠሮ ያዝን።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት ላብራራ። በእነዚህ ብስክሌቶች ሞተሩ የተቀመጠው ራጂዎቹ በሚሰበሰቡበት በጎማው እምብርት፣ መካኒኮቻችን «ሞዞ» በሚሉት ስፍራ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ በኋላ ጎማዋ ሞዞ ውስጥ ሞተር ለተቀመጠባት ብስክሌት የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 1895፣ ከዓድዋ ድል ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነበር። የእርሱ ሞተር ከ10 ቮልት ባትሪ እስከ 100 አምፔር ይስብ ነበር። ያን ያህል ኃይል ይዞ ሩቅ የሚጓዝ ቀላል ባትሪ እስኪገኝ ድረስ ሐሳቡ ብዙ ዘመን መጠበቅ ነበረበት።

የዛሬዎቹ ሞተሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ማርሽ የሌለው ነው። በዘንጉ ዙሪያ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ ከቦታው አይነቃነቅም፤ ማግኔቶቹ ከውጭኛው ቅርፊት ጋር ተጣብቀው ጎማውን ይዘው ይዞራሉ። ሁለተኛው ባለ ማርሽ ነው። በውስጡ ያለው አነስተኛ ሞተር በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ብዙውን ጊዜ ጎማው አንድ ዙር ሲዞር እርሱ አራትና አምስት ዙር ይዞራል። ያንን ፍጥነት ወደ ጉልበት የሚለውጡት በአብዛኛው ሦስት የናይለን ማርሾች ናቸው። ከእነርሱ ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ መቆለፊያ አለ። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ በፔዳል ሲሄድ፣ ጎማው ማርሾቹንም ሞተሩንም ሳይጎትት በነፃ እንዲዞር ያደርገዋል። የልጁ ብስክሌት ከዚህኛው ወገን ነበረች። ይህ መቆለፊያ ለነጂው ዕረፍት ነው፤ ለመርማሪው ደግሞ ዋና መሣሪያ እንደሆነ ወደ ኋላ እናየዋለን።

ዓርብ ማለዳ፣ ድልድዩ ላይ መኪና ሳይበዛ ወጣን። በብስክሌቷ ላይ እንደ ሥራ ቀኑ ሁሉ ጭነት አስቀመጥን፤ ባዶ ሆና የማትታመም ዕቃ ባዶ ሆና አትመረመርም። በደልዳላው መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ሲነዳ ከጎኑ ተራመድሁ። «ቋ… ቋ… ቋ…» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወደ ድልድዩ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምር ሌላ ድምፅ ተጨመረበት፤ እህል የሌለበት ወፍጮ የሚያሰማው ዓይነት «ግርርር»። ድልድዩን ጨርሶ ወደ ጅሬፍ ሲወርድ የኃይል መስጫውን እንዲለቅ ነገርኩት። ግርርታው ወዲያው ጠፋ፤ ቋቋታው ግን ቀረ።

ልጁ «ድምፅ» ብሎ በአንድ ቃል የጠራው ሁለት ነገር ነበር ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሥራው ቀለለ፤ ሁለት የተደባለቁ ችግሮች ከአንድ ትልቅ ችግር ይልቅ የሚያስፈሩት ተደባልቀው ሳሉ ብቻ ነውና።

በመጀመሪያ ቋቋታውን ያዝነው። ኃይል ሲቋረጥ የማይጠፋ ድምፅ ከኤሌክትሪኩ አይደለም፤ ከሚሽከረከረው ጎማ፣ ከፍሬኑ፣ ከራጂው ወይም ከኩሽኔታው ነው። በጎማው መንፊያ ላይ ነጭ ክር አሰርንና ብስክሌቷን ቀስ ብሎ እንዲገፋት አደረግሁ። ክሩ ወደ መሬት በደረሰ ቁጥር ቋ አለች። በአንድ ዙር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ የሚሰማ ድምፅ ምንጩ በጎማው ዙሪያ አንድ ስፍራ ላይ አለ። ራጂዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣት እየጨመቅን ስንሄድ፣ ከክሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ እንደ ላላ ክራር ጅማት ረገቡ። ክብደት ሲያርፍባቸው በሚነካኩበት ቦታ ላይ ይንሸራተቱ ነበር። እነርሱን ማጥበቅ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። የሞዞ ሞተር ከባድ ስለሆነ፣ ጉልበቱም በቀጥታ በራጂዎቹ በኩል ስለሚያልፍ፣ በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ራጂ መላላት ከተራው ብስክሌት ይልቅ ይዘወተራል።

ቀጥሎ ግርርታው መጣ። ኃይል ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ፣ ዳገት ላይ የሚብስ፣ ሲለቀቅ የሚጠፋ ነው። ብስክሌቷን ገልብጠን ጎማዋን በእጅ ወደ ፊት አሽከረከርን። ዝም። ወደ ኋላ አሽከረከርን። ግርርር። ያ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዘው መቆለፊያ መሰከረልን። ጎማው ወደ ፊት በእጅ ሲዞር መቆለፊያው ስለሚለቅ የሚዞሩት የውጭኛው ቅርፊት ኩሽኔታዎች ብቻ ናቸው። እነርሱ ዝም ካሉ ደኅና ናቸው። ወደ ኋላ ሲዞር ግን መቆለፊያው ስለሚይዝ ማርሾቹና የውስጡ ሞተር አብረው ይዞራሉ። ወደ ኋላ ማዞር ከበድ ማለቱ፣ ጥቂት ድምፅ ማሰማቱም ያለ ነው፤ ያ ግን ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅ ነበር። ጋራዥ ውስጥ ያለው ሰው ጎማውን ያሽከረከረው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢያሽከረክረው ኖሮ ሞተሩን ሁሉ አይኮንንም ነበር።

ከፈታን በኋላ ያየነው ድምፁ የነገረንን ነበር። ባትሪውን ነቅለን፣ ዳዶዎቹና ሮንዴላዎቹ የነበሩበትን ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድረን፣ የጎን ክዳኑን ቡሎኖች ፈታን። ማርሾቹ ላይ የነበረው ግራሶ ደርቆ ጠቁሯል። የካርቱም ሃቡብ የሚያመጣው ትቢያ ከዱቄት የላመ ነው፤ በቀጭን ቀዳዳም ይገባል። ትቢያ ከግራሶ ጋር ሲቦካ ማለስለሻው ወደ ሞረድነት ይለወጣል። ናይለን ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል። በዚያ ሐሩር፣ በዚያ ጭነት፣ ዳገት ላይ፣ ከሦስቱ ማርሾች የአንዱ ጥርሶች ሳስተው ሾለው ነበር። ሽቦው ግን መዳብ እንደመሰለ ነው፤ አልጠቆረም፣ የተቃጠለ ሽታም የለውም። ማግኔቶቹም በየቦታቸው ጠብቀው ተቀምጠዋል። ሞተሩ አልሞተም፤ ጥርሱን ነበር ያመመው።

ሦስቱ ማርሾች እኩል ስለሚሠሩና እኩል ስለሚያልቁ ሦስቱም አብረው መቀየር አለባቸው። ልክክ የሚሉትን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ልጁ ሥራ አልፈታም። ያ መቆለፊያ ጎማውን በነፃ ስለሚለቀው ሞተሩን አጥፍቶ እንጀራውን በፔዳል አደረሰ፤ የድልድዩን ዳገት ደግሞ ወርዶ እየገፋ ወጣ። ለማርሾቹ የከፈለው በአንድ ሳምንት ከሚያገኘው ያነሰ ነበር። ለእናቱ ያሰበውን ላከ።

የእርሱ ችግር የማርሽ ሆነ እንጂ የሌላው ሰው የኤሌክትሪክ ሊሆን ይችላልና፣ ስለዚያም ጥቂት ልበል። ከቆመበት ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያንጓጓ፣ አንዴ የሚይዝ አንዴ የሚስት ሞተር ከጥርስ ይልቅ ሽቦው መጠርጠር አለበት። ወደ ሞተሩ የሚገቡት ገመዶች ብዙውን ጊዜ ስምንት ናቸው። ሦስቱ ወፍራሞች ጉልበቱን ይሸከማሉ። አምስቱ ቀጫጭኖች «ሆል» ከሚባሉት ሦስት ጥቃቅን ጠቋሚዎች ጋር ይገናኛሉ። ስማቸውን ያገኙት ማግኔት በኤሌክትሪክ ፍሰት ላይ የሚያደርሰውን ይህን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1879 ካገኘው ከኤድዊን ሆል ነው። ሥራቸው ማግኔቶቹ በየትኛው ቅጽበት የት እንዳሉ ለኮንትሮለሩ መንገር ነው። ከሦስቱ አንዱ ዝም ሲል ኮንትሮለሩ ግማሽ ዕውር ይሆናል፤ ኃይሉን ያለጊዜው ስለሚሰጥም ሞተሩ ይርገበገባል።

ይህን ለማወቅ ሞተሩን መክፈት አያስፈልግም። ኃይሉ በርቶ፣ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ በቴስተር የእያንዳንዱን የጠቋሚ ገመድ ቮልት እያዩ ጎማውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማዞር ነው፤ ባለ ማርሽ ከሆነ ወደ ኋላ። ደኅናው ገመድ ከዜሮ አቅራቢያ ወደ 5 ቮልት አቅራቢያ፣ ከዚያም ወደ ዜሮ ይመላለሳል። በአንዱ ላይ የቆመ ካለ ጠቋሚው ሞቷል፣ ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ብዙ ጊዜም ጥፋቱ ከገመዱ ነው፤ በተለይ ከዘንጉ በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ። የዘንጉ ዳዶ ሲላላ ዘንጉ ራሱ በመያዣው ውስጥ ይዞርና ገመዶቹን ጠምዝዞ ይቆርጣቸዋል። ስለዚህ ዳዶዎቹን በየጊዜው መፈተሽ፣ ዘንጉን ከመዞር የሚከለክለውን ምላስ ያለው ሮንዴላ ወይም መያዣ ብረት አለመጣል ሞተር ከመቀየር ያድናል።

ድምፅ ሁሉ ደግሞ ሕመም አይደለም። አንዳንዱ ኮንትሮለር ኃይሉን የሚሰጠው በደረጃ እየቆረጠ ስለሆነ፣ ሞተሩ ሲነሣ ከአዲስነቱ ጀምሮ ያጉረመርማል። ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠው ኮንትሮለር በዚያው ሞተር ላይ ቢገጠም ድምፁ ይቀንሳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ፣ ያልጨመረና ያልተለወጠ ድምፅ ጠባይ ነው። ትናንት ያልነበረ ድምፅ ግን ወሬ ነጋሪ ነው።

ይህን ስጽፍ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ኩሽኔታ፣ ራጂ፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ግራሶ፣ ዳዶ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። አባቶቻችን ከጣሊያን መኪና ሥር ተኝተው፣ እጃቸው በዘይት እየራሰ ለቀሟቸው፤ ዛሬ በየጋራዡ አማርኛ ሆነው ይኖራሉ። እነዚያን ቃላት የያዘ መካኒክ ሥራውን ለልጁ ማስተማር፣ ከደንበኛው ጋር መከራከር ቻለ። ለአዲሶቹ ዕቃዎች ግን ገና ቃል አልበጀንላቸውም፤ ከቻይና በካርቶን ታሽገው ይመጣሉ፣ ሲበላሹም ታሽገው ይጣላሉ። ቃል የሌለው ሰው አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ሰው ይከፍላል። በዚያች ዓርብ ልጁ ካገኘው ሁሉ ይበልጥ የጠቀመው የማርሾቹ መገኘት ሳይሆን «ወደ ፊት ዝም፣ ወደ ኋላ ግርርር» የሚለውን በራሱ አፍ መናገር መቻሉ ይመስለኛል። በኋላ ማርሾቹን ሲገዛ ለሻጩ ያስረዳው ይህንኑ በእጁ እያሳየ፣ በዚያው በተሰባበረ ዓረብኛው ነበር። ሻጩም ገባው።

እ.ኤ.አ. አፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሁሉም ተበተነ። እንጀራ ይዘን በሰላም የምናልፍበት ድልድይ ተፋላሚዎች የሚሻሙበት ሆነ። የሱዳን ጦር ሠራዊት ከተማይቱን መልሶ የያዘው ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት፣ ከዚያም ወደ መተማ ካለፉት ብዙዎች አንዱ ነበር። ብስክሌቷን ለሱዳናዊ ጎረቤቱ ሰጥቶት ሄደ። ከልብሱ ጋር ቦርሳው ውስጥ የከተታቸው ሁለት ቁልፎች፣ አንድ ፒንሳና አንድ ቴስተር ብቻ ነበሩ።

አሁን በጎንደር ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ በባትሪ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ነገር ከከተማ ወሬነት አልፎ የዕለት ኑሮ ሆኗል። ልጁም ባለ ባትሪ ሞተር ሳይክሎችንና ብስክሌቶችን ይጠግናል። አልፎ አልፎ ይደውልልኛል። አንዳንድ ጊዜ ስልኩን ወደ ጎማው አስጠግቶ «ጋሼ፣ ይህን ይስሙ» ይለኛል። እኔም ከመስማቴ በፊት እጠይቀዋለሁ፤ ጭነት ሲኖርበት ነው ወይስ ባዶውን? ኃይሉ ሲለቀቅ ይጠፋል? በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ነው? ወደ ኋላስ? አሁን አሁን ግን ጥያቄዎቹን እኔ ከማንሣቴ በፊት እርሱ መልሶ ይጨርሳቸዋል።

በቅርቡ ያጫወተኝን ልንገራችሁና ላብቃ። አንዲት ሴት «ሞተሩ ሞቷል ተብያለሁ» ብላ የልጇን ብስክሌት እየገፋች መጣች። መሣሪያ ሳያነሣ መቼ እንደምትጮኽ ጠየቃት። ፍሬን ሲያዝ ድምፁ እንደሚለወጥ ነገረችው። ጎማውን አንሥቶ ሲያየው የፍሬኑ ብረት ጠምሞ በየዙሩ ይልጣል። ሞተሩን አልነካውም፤ ብረቱን አቃንቶ የሻይ ያህል ተቀበላት። ሴትየዋ ግን ወዲያው አልሄደችም። «እስቲ እንዴት እንዳወቅህ አሳየኝ» አለችው። ጎማውን እንደገና አነሣላትና አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ራሷ እንድታሽከረክረው አደረገ።